ከማይኩ ጀርባ የተባለው

እሑድ

ከበሮውን በፎጣ እናፍነው ብዬ አጎቴን አያ ፈረደን አስቀየምኳቸው። ከበሮ ታፍኖ የሚዘፈን ሰርግ የት አገር አየሽ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፎጣውን አነሳሁት፤ ሚክላቱ ተናጋ።

ሚክላት ያልኩት ከሕንፃችን ስር ያለውን መጠለያ ነው፤ ሲረን ሲጮህ የምንወርድበትን የኮንክሪት ጉድጓድ። አየር የለውም፣ ሻጋታ ይሸታል፣ በሩ ሲዘጋ ጆሮ ይደፍናል። ዮናት ግን አበደችለት። ዮናት አሠሪዬ ናት፣ ሙዚቃ አቀናባሪ። አድማጩ መሀል ተቀምጦ፣ በድምፅ ማጉያ ተከቦ፣ ከየጎኑ የሚሰማውን ዓይነት ሙዚቃ ነው የምትሠራው። ድምፁን የምቀዳላት እኔ ነኝ። አሁን ተራው የእኛ የጎንደሮቹ የሰርግ ዘፈን ሆነ። ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዝምታ እስከ ዝምታ ይቀዳ፣ መሀል ላይ መቁረጥ መቀጠል የለም።

ማይኩ አምቢሶኒክ ይባላል። በአንዲት ትንሽ ጭንቅላት ላይ አራት ጆሮ አለው። ተራ ማይክ ፊትና ጀርባ አለው፣ ከጀርባው ያማኸውን አይሰማም። ይኼኛው ግን ፊቱንም ኋላውንም፣ ላዩንም ታቹንም እኩል ይሰማል። በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ሆኜ ጆሮዬን ወደፈለግኩት ጎን ማዞር እችላለሁ።

ይኼን ሁሉ ለአያ ፈረደ ማስረዳት ነበረብኝ። "የዚህ ነገር ፊቱ ወዴት ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ ግን ሽቦ እየፈታሁ ነበር፣ ሰለቸኝ። ፊቱ ወደ እማዬ ነው አልኳቸውና ተገላገልኩ። እሺ ብለው ከበሯቸውን ይዘው ከማይኩ ጀርባ፣ በሩ ጥግ ቆሙ። አጠገባቸው ጎረቤታችን እታለም ጥሩነሽ ቆሙ።

እማዬ አውራጅ፣ ሌሎቹ ሴቶች ተቀባይ። እኔ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የማሽኑን መብራት እጠብቅ ነበር። አንድም ሰው አልሳለ፣ አንድም ስልክ አልጮኸ። ድል ነው።

ቀሪ ጭንቀት፦ የሙሽራዋ የእህቴ የሺራ ጫማ ጠበባት፣ ሰርጉ ደግሞ ነገ ሳምንት፣ ሰኞ ነው። የእማዬ ቀሚስ ገና ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው። ጎንደር የቀረው ወንድሜ አዳነ ስልክ አያነሳም። ጎንደር ኔት ጠፍቷል ይላሉ አያ ፈረደ፤ እንደሚሆን ይሁን፣ ለሰርጉ ቀን ይመለስ ይሆናል።

ሰኞ

ወንድሜ ሞቷል።

ለማንም ልናገረው ስለማልችል ነው የምጽፈው።

የትናንቱን እያዳመጥኩ ነበር። እማዬ ብቻዋን የምታወርድበት ቦታ አለ፣ ሙሽራዋን በወንድሞቿ ስም እያወደሰች። ሺራ ያላት አንድ ወንድም ነው። እማዬ "የአዳነ እህት" አለችና ድምጿን ጎተተችው። ልክ እዚያ ላይ ከበስተኋላ አንድ ነገር ሽው አለ። የልብስ ድምፅ መሰለኝ፣ ላጸዳው አሰብኩ። ጆሮዬን ወደ በሩ ጥግ አዞርኩት። የኮንክሪት ጥግ ሹክሹክታ ሰብስቦ ነው የሚመልሰው፣ እኔ ነኝ ለሰው የማስተምረው።

የእታለም ጥሩነሽ ድምፅ፦ "ከአዳነ ወሬ አለ?"

የአያ ፈረደ ድምፅ፦ "አዳነ እኮ አረፈ። ቀብረውታል። እህቴን ከሰርጉ በኋላ ነው የምናረዳት።"

ከዚያ የእታለም ጥሩነሽ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲገባ። ከዚያ ተቀባዮቹ ገቡ፣ ከበሮው ገባ። አያ ፈረደ ያን ብለው ከበሮውን አልሳቱም።

ደጋግሜ ሰማሁት። ለምን እንደምደጋግመው አላውቅም፣ ቃሉ አይለወጥ።

አዳነን መጨረሻ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው። ሚስት አግብቶ ስለነበር የመምጫ ፈቃዱ ዘገየ፣ እኛ ቀድመን መጣን፣ እሱ በኋላ ይመጣል ተባለ። እስካሁን ይመጣል እየተባለ ነው። የተለየነው ዕለት መኪናው ድረስ በትከሻው ተሸክሞኝ ሄደ። እስካሁን የማስታውሰው ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ነው። ፊቱን ያወቅኩት በስልክ ነው።

እማዬ ከወጥ ቤት፣ ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ የቀላው አለችኝ። ኮምፒውተሩ ነው አልኳት። ተኝተሽ አትሠሪም እንዴ አለችኝና ሻይ አመጣችልኝ።

ማክሰኞ

ልነግራት አልችልም። ምክንያቱን ለራሴ ልጻፈው፣ እንዳልሳሳት።

ከነገርኳት ሺብዓ፣ የሰባት ቀን ሐዘን፣ ትቀመጣለች፣ እኔም ሺራም አብረናት መሬት እንቀመጣለን፣ ሰርጉ ይፈርሳል። ሰርጉ አንዴ ተላልፏል፤ ሙሽራው ሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርቶ፣ አዳራሹ ተሰርዞ፣ እማዬ ለየዘመዱ እየደወለች ይቅርታ ስትል ከርማለች። ደግሞም መርዶ የኔ ሥራ አይደለም። መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሲነጋ፣ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ በሩ ላይ ደርሶ ነው። አንዲት ልጅ ከጆሮ ማዳመጫ ሰምታ የምታወራው ነገር አይደለም።

እሺ፣ አልነግራትም። ግን ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ወዴት ልሂድ? ሻወር ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እማዬ በሩን መታች፤ ውሃው በነፃ አይመጣም አለችኝ።

ከሰዓት ሺራ ጫማ ልትቀይር ይዛኝ ወጣች። በመስታወት እያየችኝ፣ "ማ ኮሬ አሆቲ፣ ምን ሆነሻል እህቴ፣ ሰርጌ እኮ ነው፣ ሳቂ እንጂ" አለችኝ። ሳቅኩላት። ጥርሴ ደረቀ።

የባሰው ማታ መጣ። እማዬ ከሥራ ተመለሰች፤ ነሸር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ ሰውነት ስታጥብ ውላ እጇ ያብጣል። ስልኬን ሰጠችኝ፣ ለአዳነ ድምፅ ቅጂልኝ፣ ኔት ሲመጣ ይሰማዋል አለችኝ። ቁልፉን ተጫንኩላት። ሰርጉን በቪዲዮ እናሳይሃለን፣ ልጆቹን ሰብስበህ ጠብቅ፣ ደግሞ ያንን ሳልህን ታከም አለችው። ተጠንቅቃ፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ልክ እሱ እንደሚያደርገው "ይሰማል?" ብላ ጨረሰች። አዳነ መልእክት ሲልክ ሁልጊዜ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እንደ ስልክ ጥሪ።

ላኪው አለችኝ። ላክሁት። ለሞተ ሰው።

ረቡዕ

ሃሊሳ ወረድኩ፣ አያ ፈረደ ቤት። ለመቆጣት ነበር የሄድኩት። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

ብቻቸውን ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይቆርጡ ነበር። ጢማቸው አድጓል። የእሑዱ ማይክ ከኋላም ይሰማል አልኳቸው፣ ሌላ አልጨመርኩም። መቁረጫው እጃቸው ላይ ቀረ።

"ፊቱ ወዲያ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ" አሉ።

የተዘጋጀሁበት ቁጣ ሁሉ በነነ። እውነት ነው፣ ብያቸው ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኛል ብለው ነው የተነፈሱት። እኛ ሰዎች ክፉ ነገር ስንነጋገር ከሰው ጀርባ፣ ከበር ጥግ ነው፤ ጀርባ የሌለው ነገር ከየት ያውቃሉ?

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ታሞ ነበር፣ ሳሉ ጠንቶበት። መንገድ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ቀረ። የአዳነ ሚስት የደወለችው ለእሳቸው ነው፤ እሳቸው ናቸው ስልኩን ዝጉ፣ ለእናቱ አታንሱላት ያሉት። ኔት የለም የሚለውም የእሳቸው ነው። አብረዋቸው የመከሩት ሽማግሌዎች ሰርጉ ሰኞ ያልፋል፣ ረቡዕ ሲነጋ እንሄዳለን ብለው ወስነዋል። ለእታለም ጥሩነሽ የነገሩት አስበው አይደለም። እማዬ "የአዳነ እህት" ስትል እሳቸውም ሆዳቸው አልቻለም።

"እኔስ ያሳደግኩት ልጅ አይደለም?" አሉኝ። "ቻይው። እኔም ችዬዋለሁ። እስከ ረቡዕ።"

ስወጣ ደረጃው ድረስ ሸኙኝ። እኔ አላለቀስኩም፣ እሳቸውም አላለቀሱም። እንደ ሌቦች ነው የተለያየነው።

አሁን ያለው ጣጣ የነገው ነው። ዮናት ነገ የዘፈኑትን ሴቶች በሙሉ ከአያ ፈረደ ጋር ጋብዛለች፣ ዙሪያውን ማጉያ በተተከለበት አዳራሽ ተቀምጠው ዘፈናቸውን ሊሰሙ። በጆሮ ማዳመጫ ከፊት ለሚሰማ ሰው ሹክሹክታው አይለይም። እዚያ ግን ከኋላ ላለው ማጉያ ቀረብ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቃል በቃል ይሰማዋል። ፋይሉ ጠፋብኝ ብዬ እንደገና እንቅዳ እንዳልል፣ እማዬ እንደገና "የአዳነ እህት" ትላለች። አልችልም።

ሹክሹክታው ላይ ብቻ ያንን ጎን ዝም አሰኘሁት። አስቀያሚ ሆነ፤ አየሩ ድንገት ይጎድላል፣ በር የተዘጋ ይመስላል። ስለዚህ ያንን ጎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝም አሰኘሁት። የአያ ፈረደ ከበሮ አብሮ ሄደ። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ተመልሶ የመጣው ብቻ ቀረ፣ የሩቅ ከበሮ። ማንም አይለየውም። ዮናትም አልለየችውም፣ ጥርት አደረግሽው አለችኝ።

ሐሙስ

ለየችው። እማዬ ለየችው።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፣ ልዋሽ አልፈልግም። ሴቶቹ የክት ለብሰው መጡ። አንድ ወንበር መሀል ላይ አለ፣ ተራ በተራ ይቀመጣሉ፣ እየዞሩ እርስ በርስ በድምፅ ይጠቋቆማሉ። አያ ፈረደ ግድግዳ ተደግፈው ወለሉን ያያሉ።

የእማዬ ተራ ደረሰ። ራሷን ከፊት ሰማችና አፏን ይዛ ሳቀች። ወደ ግራ ዞራ ተቀባይዋን አበባን አገኘቻት፣ ወደ ቀኝ ዞራ ሌላዋን። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ አዞረችው። እዚያው ቆየች።

ፈረደስ የት ሄደ አለች። ድምፁ አለ እኮ አልኳት። ከበሮው ከዚያኛው ግድግዳ ነው የሚመጣው፣ እሱ የቆመው እዚህ ጋ ነበር አለች፣ በእጇ ባዶውን ቦታ እያሳየች። ማይኩ በዚያ በኩል ተበላሽቶ ነው አልኳት። በሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ በእሱ በኩል ብቻ? አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ አያ ፈረደን አየች፣ ቀጥላም እኔን አየች። ተነስታ ለሚቀጥለው ሰው ወንበሩን ለቀቀች።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የሃዳር ሰፈር መብራቶች አልፈው አለቁ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች ጀመረች።

"ስዘፍን እያየሁት ነበር። ጎንበስ ብሎ ለጥሩነሽ አንድ ነገር ነገራት። ጥሩነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ምን ሆነች ብዬ ነበር፣ ከዚያ ዘፈኑ ወሰደኝ።"

እኔ ሳላይ የሰማሁትን እሷ ሳትሰማ አይታዋለች። ያንን ጎን ባላጠፋው ኖሮ ምናልባት ከበሮው ውጦት ያልፍ ነበር። እደብቃለሁ ብዬ ያመለከትኳት እኔ ነኝ።

"አንቺ ሰምተሽዋል" አለችኝ።

እጄን ያዘች። ያበጠ እጇ ቀዝቅዟል።

"አትንገሪኝ" አለች። "ሰርጉ ይለፍ።"

ቅዳሜ

ሰንበት ስለሆነ የትም አይኬድም። በሩ ተዘግቷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት የኛ ቤት ነው።

እማዬ ትበላለች። እየተናነቃት እንደሆነ አያለሁ፣ ግን እኔ እንዳይ ብላ ትጎርሳለች። እኔም እሷ እንድታይ ብዬ እጎርሳለሁ። ሺራ መሀላችን ተቀምጣ ስለ ፎቶ አንሺው ታወራለች።

ለአዳነ ደውይልኝ አላለችም። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አጠገቡ ስታልፍ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች። የሞተው እሱ መሆኑን፣ ሌላ ሰው አለመሆኑን እንዴት አወቀች? ምናልባት አላወቀችም። ምናልባት የአክስቴ ልጅ ወይም ሌላ ዘመድ ነው ብላ ተስፋ እያደረገች ነው። መጠየቅ አልችልም። ብጠይቅ መንገር ይሆናል።

ከሰዓት ከጎኗ ተጋደምኩ፣ እንደ ልጅነቴ። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ትንፋሿ የተኛ ሰው ትንፋሽ አይደለም። እሷም የኔን ታዳምጣለች። ሁለታችንም እስኪመሽ እንዲህ ሆንን። ልቤን የሚያስጨንቀው ሐዘኑ ብቻ አይደለም፣ ማልቀስ መከልከሉ ነው። እንዲህ ያለ እስር አላውቅም።

ማክሰኞ

ሰርጉ አለፈ። ተመስገን። ጫማው አልጠበባትም።

ትናንት አዳራሹ ውስጥ ዲጄው ሲደክመው አያ ፈረደ ከበሮ አነሱ፣ እማዬ መሀል ገባች። ስሙ ጋ ትደርሳለች፣ አውቃለሁ። ትዘለዋለች ብዬ ነበር። ብትዘለው ዘመድ ሁሉ ይሰማል፤ ወንድም ሳይጠራ ሙሽራ አይወደስም።

"የአዳነ እህት" አለች። አልተሰበረችም። ዓይኗን አያ ፈረደ ላይ ተክላ ነው ያለችው። እሳቸው ከበሮውን ሁለት ጊዜ ሳቱት፣ ያን ዕለት ያልሳቱትን። እኔ መቀበል ነበረብኝ፣ እንባዬ ቀደመኝ። ሺራ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ዳይ፣ በቃ አታልቅሺ፣ እዚሁ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ነው የምኖረው፣ የትም አልሄድኩ" አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። እህቷ ስላገባች ነው አሉ። በዚያ ሰበብ እንደልቤ አለቀስኩ።

ዛሬ እማዬ ቤቱን ጠረገች። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋች። ወርቋን አውልቃ መሳቢያ ከተተች። ምን እየሠራሽ ነው አላልኳትም።

ረቡዕ

ሲነጋ መጡ። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር፣ ማንም የማያወራበት። እማዬ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ሳይመቱት በሩን ከፈተችው።

አያ ፈረደ ከፊት ነበሩ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ። የተዘጋጁበት ንግግር ነበራቸው። እማዬ ግን ቀደመቻቸው።

"አዳነ ነው?"

"አዳነ ነው" አሉ።

ከዚያ ጮኸች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። እኔም ጮኽኩ። ከሳምንት በላይ የቻልኩት ወጣ፣ አጠገቤ ያለው ሁሉ ጮኸ፣ ከየፎቁ በር ተከፈተ። ሺራን ባሏ ይዟት መጣ፣ ጩኸቱን ደረጃው ላይ ስትሰማ ነው ያወቀችው። እሷ አዳነን በስልክ ብቻ ነው የምታውቀው፣ ቢሆንም ወደቀች።

መሬት ተቀመጥን። ደክሞኛል። ደህና ነኝ ማለት ነውር ይመስለኛል፣ ግን እንደ ሰው ተነፈስኩ።

ዓርብ

ቤቱ ሰው እንደሞላ ነው። አያ ፈረደ በሩ ጥግ ቁጭ ብለዋል፣ ሰው ሲያናግራቸው ብቻ ይመልሳሉ። እንደበደሉን ነው የሚሰማቸው። እማዬ ስታያቸው ቆይታ እኔን ጠራችኝ።

ያን ዘፈን አጥፍተሽዋል ወይ አለችኝ። አላጠፋሁትም፣ የአያ ፈረደን ጎን ብቻ ነው ዝም ያሰኘሁት፣ ዋናው አለ አልኳት። እሱ ላይ ስሙ አለ? አለች። አለ አልኳት። አንዴ አንቺ ጠርተሽዋል፣ አንዴ እታለም ጥሩነሽ፣ አንዴ እሳቸው።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ አያ ፈረደ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አደረገች።

"ለዚያች ሴትዮ ሐዘናችን ሲወጣ ሌላ እንዘፍንላታለን። ይኼኛው የኔ ነው፣ ለሰው አይሰማም። ፈረደንም ወደ ቦታው መልሺው።"

አያ ፈረደ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን አበሱ። ቆይተው፣ ያኔ ስንቀዳ የት ልቁም አሉኝ። የዚያ ነገር ፊቱ ወዴት ነው?

"ፊት የለውም አያ ፈረደ። የትም ቢቆሙ እርስዎን ይሰማል" አልኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ልላቸው የሚገባኝን።

እሺ አሉ። ገብቷቸው እንደሆነ እንጃ። ለዮናት ይኼን ዘፈን እንደማንሰጣት ጽፌላታለሁ፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም። ሥራው ከቀረብኝም ይቅር። ሰንበት ሊገባ ነው፣ እማዬ ትንሽ ቆሎ በላች።